በግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድራማን ማስተማር፦ ከነሐሴ ዕቅድ እስከ ሰኔ መድረክ

በአዲስ አበባ ባሉ አብዛኞቹ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ድራማ ሲባል ሁለት ነገር ይታሰባል። አንደኛው ጠዋት በሰልፍ ላይ ወይም በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ክበብ የሚቀርበው አጭር ጭውውት ሲሆን፣ ሁለተኛው የወላጆች ቀን ሲቃረብ በጥድፊያ ተዘጋጅቶ ከሽልማት ሥነ ሥርዓቱ በፊት የሚታየው ትርኢት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም ቢኖራቸውም ትምህርት ለመባል አይበቁም፤ ሁልጊዜ የሚጫወቱት እነዚያው አምስት ስድስት ደፋር ልጆች ናቸውና፣ የቀሩት ሲያጨበጭቡ ኖረው ይመረቃሉ። ይህ መመሪያ ድራማን ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንታዊ ፔሬድ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድም ልጅ ሳያስቀር ማስተማር ለሚፈልግ መምህር የተዘጋጀ ነው። የሰኔው መድረክ ከክፍሉ ሥራ የሚወጣ ፍሬ እንዲሆን እንጂ ክፍሉ የመድረኩ አገልጋይ እንዳይሆን፣ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ አስተሳሰብ የተቃኙ ናቸው።

1. በነሐሴ ከትምህርት ቤቱ ጋር መስማማት

የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ከወጣ በኋላ ለድራማ ቦታ የሚጠይቅ መምህር የሚደርሰው የዓርብ የመጨረሻ ፔሬድ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ትምህርት ሳይጀመር፣ ነሐሴ ላይ ያነጋግሩ። በቅድሚያ ሁለት ባለ 40 ደቂቃ ፔሬዶች በሳምንት አንድ ቀን ተከታትለው እንዲመደቡ ይጠይቁ፤ ተለያይተው የሚመጡ ሁለት ፔሬዶች ዴስክ በማንሣትና በመመለስ ያልቃሉ። ከዚያም በአንድ ጊዜ የሚገቡት ተማሪዎች ከ30 እንዳይበልጡ ያስወስኑ። ክፍሉ 50 ተማሪ ካለው ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በአይሲቲ ወይም በስፖርት ፔሬድ ላይ እያለ ግማሹ ድራማ ይማራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። ክፍሉ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍቶ መሐሉን ባዶ ማድረግ የሚቻልበት፣ ደግሞም ከቤተ መጻሕፍቱና ፈተና ከሚሰጥባቸው ክፍሎች የራቀ መሆን አለበት፤ ጩኸት የማይወጣበት የድራማ ክፍል የለም። በመጨረሻም የድራማ ፔሬድ ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ ማካካሻ እንደማይወሰድ በጽሑፍ ያስይዙ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ የካቲት ሲደርስ ግን ከሁሉም በላይ የሚፈለገው እሱ ነው።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወላጅ ገንዘብ የሚከፍለው ልጁ የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተናን እንዲያልፍለት ነው ብለው ቢከራከሩ አይደነቅም፤ ሐሰትም አይደለም። መልስዎ አጭርና ተጨባጭ ይሁን። ዕቅዱ 12ኛ ክፍልን አይነካም፤ ተውኔት በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ይዘት ስለሆነ ፔሬዱ የአማርኛ መምህሩን ሥራ ያግዛል፤ በክፍል ፊት ቆሞ አንድ ሐሳብ ጨርሶ መናገር ለማንኛውም የትምህርት ዓይነት ይጠቅማል። የሚሰማ ጆሮ ካገኙ ደግሞ ታሪክም ይጨምሩ፤ የአማርኛ ቴአትር ሲጎለምስ ትምህርት ቤት አንደኛው ቤቱ ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ከጣሊያን ወረራ በፊት መምህር ሳለ ተውኔቶቹን በተማሪዎቹ ያስጫውት ነበር፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል።

ከዚሁ ጋር እምቢ የሚሉትንም ነገር ቀድመው ይናገሩ። ለዓድዋ በዓል፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ለንባብ ሳምንት እየተባለ «ከነገ ወዲያ የሚቀርብ አንድ ድራማ አዘጋጅልን» የሚል ትእዛዝ መምጣቱ አይቀርም። በዓመቱ መጨረሻ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ሥራ እንደሚያቀርቡ ቃል ይግቡ፤ በመሐል ለሚመጡ በዓላት ግን በክፍል ውስጥ የተሠሩ አጫጭር ትዕይንቶች ካሉ ከእነሱ እንደሚሰጡ፣ ከሌሉ እንደማይሰጡ ያስረዱ። ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን ምስል በፌስቡክና በቴሌግራም ገጹ የሚለጥፍ ከሆነም የወላጅ ፈቃድ በምዝገባ ጊዜ በቅጽ ይሞላ።

2. መስከረምና ጥቅምት፦ ያለ ጽሑፍ መጀመር

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለተማሪ ምንም ዓይነት ጽሑፍ አይስጡ። የእኛ ተማሪ መሸምደድ የለመደ ነው፤ ወረቀት ከያዘ ዓይኑ ከወረቀቱ አይነሣም፣ ወረቀቱን ሲነጥቁትም የሚያነበው በጭንቅላቱ ውስጥ ካለው ወረቀት ነው። መጀመሪያ ሊማር የሚገባው ሌላውን ሰው ማየትና መስማትን ነው።

ፔሬዱን ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ይጀምሩ። ዴስኮቹ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይገፉ፣ ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቁም፣ መምህሩም ከክቡ ውስጥ አንዱ ይሁን። ከዚያ ማንም ተራ ሳይሰጠው ክፍሉ በአንድነት ከ1 እስከ 20 ይቁጠር፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተናገረ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል። በመጀመሪያው ሳምንት 7 ላይ መድረስ ይከብዳቸዋል፤ ወር ሳይሞላ ግን መቻኮል እንደማያዋጣ ይገባቸዋል። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት በመቆም አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው እንደ መስተዋት ይከተለው። ይህ መልመጃ መነካካት ስለሌለበት ወንድና ሴት ተማሪዎችን ያለ ኀፍረት አብሮ ለማሠራት ይመቻል።

ከሁሉም መልመጃዎች ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ዕቃ ሳይያዝ፣ ቃልም ሳይነገር የሚሠራው የቡና ማፍላት ትዕይንት ነው። አንዲት ተማሪ ወይም አንድ ተማሪ መሐል ይቀመጥና ቡናውን ከማጠብ ጀምሮ እስከ አቦል መቅዳት ያለውን ሁሉ በባዶ እጅ ያሳይ። የቀሩት ዙሪያውን ተቀምጠው የሚያዩት ስህተት ለመልቀም ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ባለሙያ ስለሆነ ምንም አያመልጣቸውም። ሙቀጫውን ያስቀመጥሽው ከሰሉ ላይ ነው፤ ጀበናው ሲነሣ ባዶውም ሙሉውም እኩል ክብደት አለው፤ ጭሱን ለእንግዳ ሳታስሸትቺ ቡናውን ወቀጥሽው፤ ስኒው ረከቦቱ ላይ አልነበረም፣ ከየት መጣ? ተማሪዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሠራው ፊቷን ከምድጃው ሙቀት ዘወር ታደርጋለች፤ ጀበናው ሲገነፍል ዘላ ታነሣዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ለሠሪዋ ብቻ በጆሮዋ አንድ ነገር ይንገሯት፤ ለምሳሌ «የምትጠብቂው እንግዳ ቀርቷል» ይበሏት፤ ክፍሉ ምን እንደተነገራት ከእጇ አነሣስ ይገምት። ትወና ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ንግግር የለኝም።

የቃል ልምምድ የሚጀመረው ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ለዚህም ከባህላችን የተሻለ መነሻ አይገኝም። እንቆቅልሽ፣ ተረትና ቀረርቶ ሁሉም ያገለግላሉ፤ ለግጭት ትምህርት ግን የበላ ልበልሃ ሙግትን የሚስተካከል አላየሁም። ሁለት ተሟጋቾች ኩታቸውን አጣፍተው ቆመው፣ አንዱ ለዳኛ አንዱ ለተቀናቃኙ ዞሮ፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ቃል ሲመልሱ የድራማ ነገር ሁሉ እዚያው አለ፤ የሚፈለግ ነገር፣ የሚከለክል ሰው፣ የሚፈርድ ተመልካች። ክስ የሚሆነው ጉዳይ የዘመኑ ይሁን፤ የተበደረውን የስልክ ቻርጀር ያልመለሰ ጓደኛ በቂ ነው። ሕጉም አንድ ብቻ ነው፤ ተሟጋቹ የራሱን ከመናገሩ በፊት ተቀናቃኙ የመጨረሻ ላይ የተናገረውን ቃል አንሥቶ መመለስ አለበት። ያልሰማ ይሸነፋል።

3. ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ከስብከት ወደ ፍላጎት

ተማሪዎች በቡድን ሆነው የራሳቸውን ትዕይንት እንዲጽፉ ሲታዘዙ ከአሥሩ ቡድን ዘጠኙ ስለ ሱስ፣ ስለ ኩረጃ ወይም ስለ መጥፎ ጓደኛ ይጽፋሉ፤ መጨረሻውም ያው ነው፤ ጥፋተኛው ይጸጸታል፣ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ «ከዚህ የምንማረው» ብሎ ይደመድማል። በልጆቹ አይፍረዱ። ከአንደኛ ደረጃ ጀምረው ያዩት የሰልፍ ላይ ጭውውት ሁሉ እንደዚህ ነበር፤ ድራማ መልእክት ማስተላለፊያ ነው ተብለውም ተምረዋል። የዓመቱ ከባዱ ሥራ ይህን ልማድ ማስጣል ስለሆነ ሁለት ወር ሙሉ ቢወስድ አይቆጩ።

የተለመደው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

እናት፦ ልጄ ሆይ፣ ሱስ ሕይወትህን ያበላሻል።
ልጅ፦ እማዬ፣ አሁን ገባኝ። ከዛሬ ጀምሮ መጥፎ ጓደኞቼን እተዋለሁ።

ይህን ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። እናት በዚህች ደቂቃ ከልጇ ምን ትፈልጋለች? ምን ይከለክላታል? ካላገኘች ምን ይቀርባታል? ተማሪዎቹ ለመጀመሪያው ጥያቄ «እንዲታረም ትፈልጋለች» ብለው ይመልሳሉ፤ አይቀበሉ። መታረም የዓመታት ነገር ነው፤ በዚህች ደቂቃ የሚሆን፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ይምጣ። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዱ «ብር ጠፍቶባታል» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ሱስ አንድ ቃል ሳይነሣ ትዕይንቱ እንደ አዲስ ይጻፍ፦

እናት፦ ዳቦ ገዝተህ ና።
ልጅ፦ ብሩስ?
እናት፦ እዚያው ቁምሳጥኑ ላይ አስቀምጬው ነበር።
ልጅ፦ (የጫማውን ክር እያሰረ) የለም እኮ።
እናት፦ የለም?
ልጅ፦ ማሂ አንሥታው ይሆናላ።
እናት፦ ማሂ ከትናንት ጀምሮ አክስትህ ቤት ናት።
ልጅ፦ …
እናት፦ ክሩ ታስሮልሃል። ተነሥ።

እናትየው ሁሉንም ታውቃለች፤ ልጁም እንደምታውቅ ገብቶታል፤ ነገር ግን አንዳቸውም አይናገሩትም። የተለያዩ ጥንዶች ሁለቱን ጽሑፎች በተከታታይ ሲጫወቱ ክፍሉ ይይና በልዩነቱ ላይ ይወያይ። በተለይ «ክሩ ታስሮልሃል» በሚለው ላይ ቆም ይበሉ፤ አንዷ ተማሪ በቁጣ፣ ሌላዋ በድካም፣ ሦስተኛዋ በፍቅር ትናገረው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት እናት ይሆናል። ከዚህ ቀን በኋላ «ከዚህ የምንማረው» የሚለውን መዝጊያ በክፍልዎ ውስጥ በግልጽ ይከልክሉ፤ ርዕሰ መምህሩም ድራማው መልእክት የለውም ብለው ሲጠይቁ ያንን ትዕይንት ያሳዩአቸው።

በዚሁ ወቅት የሚሠራ አንድ መልመጃ ልጨምር። አማርኛ በአንድ ሰው ላይ ያለንን ግምት በግሡ ውስጥ እንድንገልጥ ያስገድደናል፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ ሁሉም የደረጃ መለኪያ ናቸው። የትምህርት ቤት ጥበቃና ተራ ልብስ የለበሰ ሰው በር ላይ ይገናኙ። ጥበቃው «ወዴት ነህ?» ብሎ ይጀምራል፤ በንግግሩ መሐል ሰውየው ማን መሆኑን ይጠረጥራል፤ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ወደ እርስዎ ይሻገራል፤ ተመልካቹ የተሻገረባትን ቃል ይለይ። ሲለምዱት ተቃራኒውን ያሠሯቸው፤ እናት ልጇን በሽሙጥ «እርስዎማ አሁን ትልቅ ሰው ሆነዋል» ስትለው ያው አክብሮት ጅራፍ ይሆናል።

4. ድምፅና ንባብ

ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ አማርኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ሲያነቡ ግን ፊደል እየለቀሙ የሚሄዱ ብዙ ልጆች አሉ፤ አፍ መፍቻቸው ሌላ የሆነ ልጆችም አብረው ይማራሉ። ስለዚህ ንባብ ለብቻው ጊዜ ይሰጠው። የመጀመሪያው ሥራ ጽሑፉ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ ተማሪው «አለ» የሚለውን ቃል ተናገረ ለማለት አላልቶ፣ ይገኛል ለማለት አጥብቆ እንዲያነብ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርግ። በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ሐሳብ በሚዞርበት ቦታ እንዲተነፍስም የመተንፈሻ ጭረት ያስምር።

ድምፅን በተመለከተ ዋናው ጠላት ማይክ ነው። በትምህርት ቤት መድረክ አንድ ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያላየ የለም፤ እናት ልጇን ተቆጥታ ትጨርስና ማይኩን ታቀብለዋለች፣ እሱም ተቀብሎ ያለቅሳል። በጥቅምት ወር ማይክ እንደማይኖር ይወስኑና ልጆቹን በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ሜዳ ያውጧቸው። ጥንዶች ከሁለት ሜትር ጀምረው እየተራራቁ ያው የትዕይንት ንግግር ሳይጮሁ ይነጋገሩ፤ መጮህና መሰማት የተለያዩ መሆናቸውን ጉሮሯቸው ይነግራቸዋል።

5. የካቲት፦ ጽሑፍ መምረጥና ሚና መስጠት

የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ካለቀ በኋላ የሰኔው ሥራ ይመረጣል። ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የታተመ ተውኔት ቀንሶ መጠቀም፣ ወይም ተማሪዎቹ በኅዳርና በታኅሣሥ ከጻፏቸው ትዕይንቶች መርጦ ማያያዝ። ለጀማሪ ክፍል ሁለተኛውን አመርጣለሁ፤ ትዕይንቶቹ ቀድመው የተፈተኑ ናቸው፣ ለ30 ተማሪም ሚና ይበቃል። የታተመ ሥራ ከመረጡ የቅጂ መብትን አይርሱ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። መንግሥቱ ለማ በ1980፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. ስላረፉ የሁለቱም ሥራዎች ዛሬም ባለመብት አላቸው፤ ከክፍል ወጥቶ በሕዝብ ፊት ለሚቀርብ ትርኢት ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለመቁረጥና ለማሳጠር የሚደረገው ስምምነትም ከዚሁ ጋር ይግባ።

ሚና ሲያከፋፍሉ ውድድር አያድርጉ፤ እስካሁን ሁሉንም ሲሠሩ አይተዋቸዋል። ዋና ሚናዎችን በየትዕይንቱ ለተለያዩ ልጆች ይስጡ፤ እናት በመጀመሪያው ትዕይንት አንዷ፣ በሦስተኛው ሌላዋ ብትሆን አንድ ነጠላ ከአንዷ ትከሻ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ ተመልካቹ ይገባዋል። በዚህም ከዋና ተዋናዮቹ አንዷ ብትታመም ሥራው አይቆምም። በሃይማኖት ወይም በቤተሰብ ምክንያት መድረክ ላይ መውጣት የማይፈልግ ልጅ ካለ አያስገድዱ፤ ምክንያቱንም በክፍል ፊት አይጠይቁ። የመድረክ አስተባባሪነት፣ ጽሑፍ ይዞ ቃል የማስታወስ ሥራ፣ የአልባሳት ኃላፊነት ሁሉም እኩል ነጥብ ያላቸው ሥራዎች ናቸው፤ እኩል ነጥብ የሚሰጣቸው መሆኑንም ክፍሉ ይወቅ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ ይሁኑ። ተማሪ ሳቅ ሲፈልግ ቶሎ የሚያነሣው የአንድን ብሔር ወይም የገጠር ሰውን አነጋገር ማስመሰል ነው፤ አዳራሹም ይስቃል። እዚያው ክፍል ውስጥ እናቱ እንደዚያ የሚናገሩ ልጅ ተቀምጧል። ገጸ ባሕርዩ የሚያስቅበትን ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ ይንገሩት፤ ካላገኘ ትዕይንቱ ይውጣ።

6. ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ልምምድ

ለ35 ደቂቃ ትርኢት አሥር ሳምንት ያህል ይበቃል፤ ሳምንቶቹን ግን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያይተው ይቁረጡ። የሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ፈተና፣ የፋሲካ ዕረፍትና ዓቢይ ጾም በዚህ ወቅት ይገባሉ፤ ከዓመት ዓመት ቦታውን የሚቀይረው ረመዳንም አንዳንድ ጊዜ ይገጥማል። የሚጾሙ ልጆች ባሉበት ከምሳ በኋላ ጉልበት የሚጠይቅ ልምምድ አያድርጉ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚያስቀሯቸው ከሆነ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ሰርቪስ የሌላትን ልጅ ማን እንደሚወስዳት ሳያውቁ አያስቀሩ። እኔ የምመክረው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ወላጅ ፈርሞ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ተጽፎ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ማንበብ ብቻ ይሁን። ከዚያ ጽሑፉን አስጥለው ትዕይንቱን በራሳቸው ቃል ይጫወቱት፤ የተጻፈውን ቃል የሚያጠኑት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም መጀመሪያ ከሸመደዱት፣ ጓደኛው የተሳሳተ ቃል ቢናገረው እንኳ እሱ የራሱን ተራ ጠብቆ የሚያነበንብ ተዋናይ ያገኛሉ። ይህን ለመፈተን ኳስ ይጠቀሙ፤ የሚናገረው ኳሱን ይወረውራል፣ የሚቀበለው ሳይዘው አይናገርም፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ኳሱን ለሌላ ሰው ይወርውሩና ማን እንደሚነቃ ይዩ።

በአራተኛው ሳምንት አካባቢ እንቅስቃሴ ይደልደላል። የመድረኩን ስፋት በክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ ያስምሩ፤ ቀኝና ግራ የሚባለው የተዋናዩ ቀኝና ግራ መሆኑን ያስለምዱ። ማንም ያለ ምክንያት አይራመድ። «ወደ መስኮቱ ለምን ሄድሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «ቲቸር ሂጂ ስላሉኝ» የምትል ልጅ ካለች ስህተቱ የእርስዎ ነውና ምክንያት ይፈልጉላት ወይም ተቀመጪ ይበሏት። ተመልካች ላይ ጀርባ ማዞር ነውር ነው የሚለውንም የቆየ ትእዛዝ ይተዉት፤ የተጣላ ሰው ፊቱን ወደ አዳራሽ አድርጎ አይጣላም። ጥፊና ድብድብ ካለ በርቀት ይሠራ፤ ድምፁን ከጀርባ የቆመ ልጅ በእጁ ያጨብጭብ።

ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ማንም ወረቀት አይይዝ። በስምንተኛው ሳምንት ትርኢቱን ሳያቋርጡ ያስኬዱት፤ የሚሉት ካለ በደብተርዎ ይጻፉና በመጨረሻ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩ። በዚሁ ወቅት አንድ የእሑድ ከሰዓት ቢቻል ክፍሉን ይዘው ቴአትር ቤት ይሂዱ። ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ቴአትርም ሆነ ሌሎቹ ቤቶች ለተማሪ ቡድን ዋጋና ወንበር ይመቹ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚከታተለው አንድ ነገር ይስጡት፤ አንዱ የመብራት ለውጥን፣ አንዷ የማይናገሩ ተዋናዮችን እጅ፣ ሌላው የተመልካቹን ሳል። ሳል የበዛበት ቦታ ትዕይንቱ የዛለበት ነው።

7. መድረክ፣ አልባሳትና ዕቃ

ይህ ክፍል ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት፣ ጥቂት ጥቅም የሚገኝበት ስለሆነ አጠር አድርጌ አልፋለሁ። ከፍ ያለ መድረክ አያስፈልግም። ጀርባው ግድግዳ የሆነ የግቢ ማዕዘን ይፈልጉ፤ ድምፅ ይመልሳል። ተመልካቹን በግማሽ ክብ አራት ረድፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ ሕፃናት ከፊት ምንጣፍ ላይ። ትርኢቱ በቀን ከሆነ መብራት ቢጠፋም የሚቋረጥ ነገር የለም። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጃኬትና ቦርሳ ከቤት ይምጣ፤ እያንዳንዱ ዕቃ የባለቤቱ ስም ተጽፎበት በአልባሳት ኃላፊው መዝገብ ላይ ይስፈር፤ የጠፋ የአያት ጥበብ ለሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ ያስከለክላል። ከበሮ ወይም ክራር የሚችል ተማሪ ካለ ከስፒከር ይሻላል።

8. ውጤት አሰጣጥ

ድራማ ነጥብ ከሌለው ተማሪም ወላጅም አያከብሩትም፤ ነጥቡ ተሰጥኦ ላይ ከሆነ ደግሞ ዓይን አፋሩ ልጅ በመስከረም ተስፋ ይቆርጣል። ከ100 ለማካፈል ይህን ተጠቅሜ ተስማምቶኛል፤ በየሳምንቱ በሚሠራው ሥራ ላይ ለሚታይ ተሳትፎና ትብብር 30፣ ለልምምድ ማስታወሻ ደብተር 20፣ በቡድን ተጽፎ ለሚቀርብ አጭር ትዕይንት 30፣ በመጨረሻው ሥራ ላይ ለተሰጠ ኃላፊነት፣ መድረክ ላይም ሆነ ከመድረክ ጀርባ፣ 20። ደብተሩ ውስጥ የሚጻፈው በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ነው፦ ዛሬ የሠራሁት ምንድን ነው፣ የጓደኛዬ ሥራ ላይ ያየሁት ምንድን ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እቀይራለሁ። «በጣም ደስ ይላል» የሚል ብቻ ከተጻፈ ይመልሱት።

30 ልጅን በአንድ ፔሬድ መመዘን ስለማይቻል በየሳምንቱ አምስት ስም ብቻ መርጠው፣ ለእነሱ ሳይነግሩ፣ ያዩትን በሁለት መስመር ይጻፉ። ወላጅ መጥተው ልጃቸው ለምን 71 እንዳገኘ ሲጠይቁ የሚያሳዩት እነዚያን መስመሮች ነው። «ኅዳር ላይ ጓደኛው ሲናገር ያቋርጥ ነበር፤ የካቲት ላይ ለሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ከዚያ መለሰ» የሚል ማስታወሻ ወላጅን ከቁጥሩ በላይ ያሳምናል።

9. የወላጆች ቀንና ከእሱ በኋላ

የፕሮግራም ዝግጅት ኮሚቴ ውስጥ ራስዎ ይግቡ፤ ካልገቡ ትርኢቱ ከክብር እንግዳው ንግግርና ከመቶ ተማሪ ሽልማት በኋላ፣ ወላጅ መኪናውን ሊያስነሣ ሲል ይደርሰዋል። የመጀመሪያ ወይም ከመክፈቻው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ይጠይቁ። ለመድረክ መሪው የድራማውን ርዕስና የክፍሉን ስም ብቻ የያዘ ወረቀት ይስጡ፤ ትርጉሙን እንዲያብራራ አይፍቀዱ። ትርኢቱ ከጀመረ በኋላ ኃላፊዋ የመድረክ አስተባባሪዋ ተማሪ ናት፤ እርስዎ ከተመልካቹ መሐል ይቀመጡ፣ ከጀርባ ቆመው በምልክት ቃል አያቀብሉ። ተዋናይ ቃሉን ቢረሳ በጥቅምት የተማረው መልመጃ ያወጣዋል፤ ክፍሉ ሲያሠራው የከረመው ለዚያ ነው።

በሚቀጥለው ፔሬድ፣ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት፣ ክፍሉን መልሰው በክብ ያቁሙና የታቀደው ሳይሆን የሆነው ምን እንደነበር ትዕይንት በትዕይንት ያስነግሯቸው፤ ተመልካች የሳቀው የት ነው፣ ዝም ያለው የት ነው፣ ሳይታሰብ የሳቀውስ? ይህን ከተማሪዎቹ አንዷ ትጻፈው። በመጨረሻው ሳምንት የታረመውን ጽሑፍ ከምልክቶቹ ጋር፣ የአልባሳት መዝገቡንና የልምምድ ቀን መቁጠሪያውን በአንድ ፋይል አስሮ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስረከብ ይቀራል። ወደ 11ኛ ክፍል ከሚያልፉት መካከል ሁለት ሦስቱን፣ በተለይ ከመድረክ ጀርባ የሠሩትን፣ በመስከረም ለአዲሱ 9ኛ ክፍል ረዳት እንዲሆኑ ከወዲሁ ይጠይቁ፤ ስማቸውንም ለነሐሴው ስብሰባ በዕቅድዎ ላይ ያስፍሩ።